ለቤት ቀረጻ ድንጋይ ይሻላል ወይስ አዳፕተር? (ደብረ ብርሃን፣ በገናና ድምፅ)

እንዚራ10 · ጥር 14፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ጾሙ ሳይገባ በገናና ድምፅ ቤት ውስጥ መቅረጽ እፈልጋለሁ። ቦታው ደብረ ብርሃን፣ አንድ ክፍል፣ ሶኬቱ ኧርዝ የሌለው ባለ ሁለት ቀዳዳ። ያሉኝ ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ ዙም ኤች4ኤን ፕሮ መቅረጫ፣ 48 ቮልት ፋንተም (ከመቅረጫው በማይኩ ገመድ የሚላክ ኃይል) የሚፈልግ አንድ ኮንደንሰር ማይክ፣ ማይክን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ስካርሌት 2አይ2፣ በበገናው ላይ የሚለጠፍ ፒዬዞ (ንዝረት የሚይዝ ማይክ) ከነፕሪአምፑ (ድምፁን የሚያጎላው ትንሽ ዕቃ፣ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ)፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ቃና ለመያዝ ያማሃ ኦርጋን።

መቅረጫው በድንጋይ ሲሠራ ንጹሕ ነው፣ ግን ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል። በአዳፕተር ሲሆን ከሥር «እምምም» ይላል፣ ሃም የሚሉት። የትኛውን ልግዛ፦ ኦሪጅናል አዳፕተር፣ ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ወይስ ፓወር ባንክ? «ዝም ብለህ ቅረጽ፣ ሃሙን በኋላ ኦዳሲቲ (የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም) ላይ ታጠፋዋለህ» የሚሉም አሉ።

ጸጥታ · ጥር 14፣ ከምሽቱ 2፡25

ከመጨረሻው ልነሳ፣ ሌላውን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። ሃምን በኋላ ማጥፋት ለንግግር ቀረጻ ያስኬዳል። ለበገና አያስኬድም። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ሃሙ 50 ላይ ብቻ አይቆምም፤ 100፣ 150፣ 200፣ 250 እያለ ይወጣል። የበገና ወፍራም ድምፅ ያለው እዚያው ሰፈር ነው። በዚያ ላይ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል የምትገባው እንዚራ (ትንሿ የቆዳ ቁራጭ) ራሷ የምታወጣው ዝዝታ አለ። ፊልተሩ የቱ የመብራት፣ የቱ የእንዚራ እንደሆነ አይለይም። ሃሙን ስትቆርጥ የበገናውን ሆድ አብረህ ትቆርጣለህ፤ የሚተርፈው ቆርቆሮ የሚመታ የሚመስል ነገር ነው። ስለዚህ ሃሙ መጀመሪያውኑ እንዳይገባ ማድረግ ነው ያለህ ምርጫ።

ዕቃ ከመግዛትህ በፊት አንድ ፈተና ሥራ። ማይኩን አስቀምጥ፣ ጌይኑን (የማይኩን ድምፅ ማጉሊያ) ለበገና በምትጠቀምበት ልክ አድርግና ከዚያ በኋላ አትንካው። አራት ጊዜ 30 ሰከንድ ዝምታ ቅረጽ፦ መቅረጫው በድንጋይ፣ መቅረጫው በአዳፕተር፣ ስካርሌቱ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ እያለ፣ ስካርሌቱ ላፕቶፑ ከቻርጀር ተነቅሎ። ከዚያ ፋይሎቹን ኦዳሲቲ ላይ ከፍተህ ስፔክትረሙን (በየትኛው ኸርዝ ላይ ምን ያህል ድምፅ እንዳለ የሚያሳየውን ሥዕል) አሳየኝ በለው፤ የስፔክትረሙን መጠን («ሳይዝ» የሚለውን) 16384 አድርገው። በ44,100 የተቀረጸ ፋይል በዚህ መጠን በየ2.7 ኸርዙ ስለሚታይ 50 እና 100 ለየብቻቸው ቀጥ ብለው ይወጣሉ። በ1024 ከተውከው ሁሉም ተጨፍልቆ አንድ ጉብታ ይሆናል፣ ምንም አይነግርህም። ውጤቱን እዚህ ጻፍልን።

ሊድና ሽቦ · ጥር 14፣ ከምሽቱ 3፡10

ጸጥታ ያለችው ልክ ነው። እኔ ደግሞ ልጄ፣ አሁን የምትጠቀምበት አዳፕተር ላይ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጥልኝ። አዳፕተር ላይ የሚነበቡት አራት ነገሮች ናቸው፤ ሰው ግን አንዱን ብቻ አይቶ ይሰካል።

ቮልቱ ከዕቃው ጋር እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ እኩል ወይም በላይ። ከቁጥሩ አጠገብ ያለችው ምልክት ቀጥ ያለ መስመር ከሥሯ ነጠብጣብ ካላት ዲሲ ነው፤ ሞገድ ከሆነች ኤሲ ነው። አንዳንድ ትንንሽ ሚክሰሮች የሚወስዱት ኤሲ ነው፣ ጃኩ ቢገባም የእነሱን አዳፕተር ለሌላ ዕቃ መስካት ማለት ዕቃውን መቅበር ነው። አራተኛው ፖላሪቲ፦ የጃኩ መሐል ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ? ክብ ውስጥ ነጥብ ያለባትን ሥዕል እይ፤ ከመሐሏ ነጥብ የተያያዘው ምልክት የመሐሉ ነው።

አንተ ቤት ውስጥ ብቻ ሦስት የማይስማሙ ጃኮች አሉ። ኤች4ኤን ፕሮ 5 ቮልት፣ 1 አምፔር፣ መሐሉ ፖዘቲቭ። ያማሃ ኦርጋኖች አብዛኛዎቹ 12 ቮልት፣ መሐሉ ፖዘቲቭ። የጊታር ፔዳል ዓይነት ፕሪአምፕ ደግሞ 9 ቮልት ሆኖ መሐሉ ኔጌቲቭ። የካሲዮ ኦርጋን ከሆነማ አሮጌዎቹ 9 ቮልት መሐል ኔጌቲቭ፣ አዲሶቹ 9.5 ቮልት መሐል ፖዘቲቭ ናቸው፤ የአንዱን ለሌላው አንሥቶ መስካት የተለመደ ጥፋት ነው። በየአዳፕተሩ ገመድ ጫፍ ነጭ ፕላስተር ጠቅልልና «መቅረጫ 5»፣ «ኦርጋን 12» ብለህ ጻፍበት። ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስትሰካካ ይጠቅምሃል።

ያ በየሱቁ ያለው ከ3 እስከ 12 ቮልት በማዞሪያ የሚመረጥበት፣ ስድስት ጫፍ ያለው አዳፕተር አለ። ለሬዲዮ ይሁን። ማዞሪያው በክንድ ሲነካ ከ6 ወደ 9 ይሄዳል፣ ጫፉ ተገልብጦ ሲገባ ፖላሪቲው ይገለበጣል። ለመቅረጫ አይሆንም።

አዲስ ገመድ · ጥር 14፣ ከምሽቱ 3፡32

አንድ ነገር ልጨምር፣ አምፔሩ ከበለጠ ዕቃው ይቃጠላል፤ 1 አምፔር የሚለውን በ3 አምፔር አትስካ። ሃሙን በተመለከተ ደግሞ ቀላል መፍትሔ አለ፦ ኧርዝ ያለው ፕላግ ከሆነ ኧርዙን በፕላስተር መሸፈን። ወዲያው ይጠፋል።

ሊድና ሽቦ · ጥር 14፣ ከምሽቱ 3፡50

አዲስ ገመድ፣ ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ይገድላል።

አምፔር አዳፕተሩ መስጠት የሚችለው እንጂ የሚገፋው አይደለም። ዕቃው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይስባል። የሚያቃጥለው ቮልት ሲበዛ ነው። አምፔር ሲያንስ ነው እንዲያውም ችግር የሚመጣው፦ አዳፕተሩ ይግላል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ መቅረጫው መሐል ላይ ይጠፋል።

ኧርዝን መሸፈን ሃሙን ያጠፋዋል፣ እውነት ነው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ፌዙ ብረቱን የነካ ቀን ግን የሚሄድበት መንገድ በማይኩ በኩል ወደ ዘማሪው ከንፈር ይሆናል። ሃሙ በኧርዝ ቀለበት (ሁለት ዕቃዎች በመብራቱም በድምፅ ገመዱም ኧርዛቸው ሲገናኝ) ከመጣ የሚቆረጠው በድምፅ መስመሩ ላይ ነው፤ መሐሉ 1 ለ 1 ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (በድምፅ ገመዱ መሐል የሚገባ ትንሽ ሳጥን) ታስገባና የግራውንድ ማብሪያውን እሱ ላይ ታነሣለህ። የመብራቱ ኧርዝ አይነካም።

አዲስ ገመድ · ጥር 14፣ ከምሽቱ 3፡58

እሺ ጋሼ፣ ገብቶኛል። የኧርዙን ነገር ከላይ አስተካክለዋለሁ።

እንዚራ10 · ጥር 15፣ ከምሽቱ 1፡05

ፈተናውን ሠራሁ። አዳፕተሬ የስልክ ቻርጀር ነው፤ «አውትፑት 5 ቮልት 2 አምፔር» ይላል፣ ከዩኤስቢ ወደ ክብ ጃክ በሚቀይር ገመድ ነው የተሰካው።

መቅረጫው በድንጋይ፦ 50 ላይ ምንም አይታይም፣ ወለሉ ላይ ተኝቷል።
መቅረጫው በቻርጀሩ፦ 50፣ 150 እና 250 ላይ ቀጥ ያለ ምስማር። ማይኩን በእጄ ስይዘው ይቀንሳል።
ስካርሌት፣ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ፦ 50 እና 100፣ ደግሞ ከላይ ቀጭን «ሲይይ» የሚል። የላፕቶፑን ብረት በእጄ ጀርባ ስዳብስ ይነዝራል።
ስካርሌት፣ ላፕቶፑ ተነቅሎ፦ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል።

ንዝረቱ ያሳስባል?

ሊድና ሽቦ · ጥር 15፣ ከምሽቱ 1፡48

ማይኩን ስትይዘው መቀነሱ ነው ፍንጩ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ውስጥ ከመብራቱ ወገን ወደ ውጤቱ ወገን የተዘረጋ ትንሽ ካፓሲተር አለ፤ የራሱን የቻርጀሩን ጫጫታ ለመዋጥ የተቀመጠ ነው። ኧርዝ ሲኖር የሚያፈሰው ወደ መሬት ይሄዳል። ኧርዝ ከሌለ ዕቃው በሙሉ በመብራቱ ቮልት ግማሽ ላይ ይንሳፈፋል፤ መልቲሜትርህን ኤሲ ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ላፕቶፑ ብረት ላይ፣ ሌላውን እርጥብ መሬት ላይ በተተከለ ብረት ላይ ብታደርግ ወደ 100 ቮልት አካባቢ ያሳይሃል። ኩረንቱ ከአንድ ሚሊአምፔር በታች ስለሆነ ከመንዘር አያልፍም። የሚያስደነግጥ ምት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ቻርጀሩን ጣለው።

እንግዲህ ያ የተንሳፈፈ ቮልት በማይኩ ገመድ፣ በፒዬዞው፣ በአንተም ሰውነት በኩል መውጫ ይፈልጋል። ሃምህ እሱ ነው። «ኦሪጅናል» ብትገዛም ኧርዝ እስከሌለህ ድረስ ይሄ ጠባይ አብሮ ይመጣል፣ ምናልባት ቀለል ብሎ።

ለዚህ ነው «ድንጋይ ወይስ አዳፕተር» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተጣመመው። አዳፕተሩ ለመሙላት ነው፣ ድንጋዩ ለመቅረጽ። የመቅረጫው ቀይ መብራት በርታ ሳለ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ገመድ በድምፅ መስመርህ ላይ ባይኖር ጥሩ ነው። ግዴታ ከሆነ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ሲሆን ቀለበት ይሠራል።

ጋቢ ለባሽ · ጥር 15፣ ከምሽቱ 2፡30

ከመሐል ሜዳ ሰላምታ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ለምትሉ፣ እኛ ከላያችሁ ነን። በድንጋይ ጉዳይ ላይ ልግባ።

እንዚራ፣ ድንጋይህ ቶሎ ያለቀው ምን ዓይነት ስለሆነ ነው? በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው «ሄቪ ዱዩቲ» የሚለው የዚንክ ካርቦን ነው፤ ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት ነው። መቅረጫ የሚጠይቀውን ኩረንት ሲጠየቅ ይወድቃል። በእጅ ሚዛኑም ይታወቃል፦ አልካላይን ባለ ሁለት ኤ ወደ 23 ግራም ነው፣ ዚንኩ ከ20 በታች። የወርቅ ሚዛን ያለው ሱቅ ካለ አስመዝን።

ሂሳቡን እንሥራ። ኤች4ኤን ፕሮ በሁለት ድንጋይ 6 ሰዓት ገደማ ይሠራል ይባላል። በ2,000 ኤምኤኤች ድንጋይ 6 ሰዓት ማለት ወደ 330 ሚሊአምፔር ነው። ፋንተሙን ጨምር፦ ማይኩ በ48 ቮልት 4 ሚሊአምፔር ቢወስድ 0.19 ዋት፤ ቮልቱን ከ2.4 ወደ 48 ሲያወጣ ከሚባክነው ጋር 0.25 ዋት፤ ይሄ ከድንጋዩ ሌላ 105 ሚሊአምፔር ይስባል። ድምሩ 435፣ ሰዓቱ ወደ አራት ተኩል ይወርዳል። ሁለት ማይክ ከሆነ ከአራትም በታች። ማይክህ በ24 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ሜኑው ላይ ፋንተሙን 24 ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ኮንደንሰር ግን በ24 ላይ ጠንከር ያለ ድምፅ ሲመጣ ይሰነጠቃል፣ ሞክረህ ነው። ፋንተም ለማይፈልገው ለፒዬዞው ብቻ ስትቀርጽ ደግሞ አጥፋው፤ ብዙ ሰው በርቶ ይረሳዋል።

የምመክረው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፣ በተለይ ተቀምጦ ቶሎ የማያልቀው ዓይነት፣ እንደ ኤነሉፕ ያለው፣ 1,900 ወይም 2,000 የሚል። ባለ ሁለት ኤ ሆኖ 3,000 ወይም 3,600 ብሎ የተጻፈበት ካየህ ቁጥሩ ውሸት ነው፤ እንደዚህ ያለ ኒኬል የለም። አራት ግዛ፣ ሁለት ሁለት አጣምር፣ ጥንዶቹን «ሀ» እና «ለ» ብለህ ምልክት አድርግ፤ ጥንዱ አይለያይ። አንዱ የደከመ ድንጋይ ከጤነኛው ጋር ሲገባ ደካማው ከዜሮ በታች ይገፋና ይሞታል።

ከዚያ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ መቅረጫው ሜኑ ውስጥ የባትሪ ዓይነት ይመረጣል። አልካላይን ላይ ትተኸው ኒኬል ካስገባህ፣ ኒኬሉ ሲሠራ 1.2 ቮልት አካባቢ ላይ ስለሚቀመጥ ምልክቱ «አልቋል» እያለ ያስደነግጥሃል፤ ገና ግማሹ አላለቀም።

ብርዱ። ጥርና ታኅሣሥ ሌሊት ክፍሉ ሳይሞቅ የሚቀረጽ ከሆነ አልካላይን ክፉኛ ይደክማል፣ ኒኬል ይሻላል፣ የማይሞላው የሊቲየም ባለ ሁለት ኤ ከሁሉም ይበልጣል (ውድ ነው)። ተለዋጩን ጥንድ ከጋቢው ሥር፣ ደረት ኪስ ውስጥ ያዝ። በብርድ «አለቀ» ያለ ድንጋይ ሲሞቅ የተወሰነ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቶሎ አትጣለው።

ጸጥታ · ጥር 15፣ ከምሽቱ 2፡44

ከድንጋዩ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ። አሁን አሁን ጎኑ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው «1.5 ቮልት ሊቲየም» ባለ ሁለት ኤ ይሸጣል። ውስጡ የቮልት መቀየሪያ አለው፤ ያ መቀየሪያ የራሱ ጫጫታ አለው፣ ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ 1.5 እያሳየ ይቆይና ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም ይላል። ለሪሞት ጥሩ ነው። ሌላው 14500 የሚባለው ነው፦ መልኩና ቁመቱ ባለ ሁለት ኤ ነው፣ ግን 3.7 ቮልት ነው። ሁለቱን ስታስገባ 3 ቮልት የሚጠብቀው መቅረጫ ከ7 በላይ ይጎርሳል። ሻጩ «ያው ነው» ቢልህ አትስማ።

የቆላው · ጥር 15፣ ከምሽቱ 3፡20

ከሸዋ ሮቢት። እኛ ዘንድ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ድንጋይ በሙቀት ተቀምጦ ያልቃል፣ ያፈሳልም። ስለ ፓወር ባንክ ማንም አልተነፈሰም፣ ለእንዚራ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል።

10,000 ኤምኤኤች የሚለው በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ነው፤ 37 ዋት-ሰዓት። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ከሚባክነው በኋላ 31 አካባቢ ይተርፋል። መቅረጫው ከነፋንተሙ 1.1 ወይም 1.2 ዋት ቢበላ ከ24 ሰዓት በላይ ነው። ከግድግዳው ስለተነቀለም ያ የተንሳፈፈ ቮልት የለበትም። አሁን የያዝከውን ገመድ ከቻርጀሩ ነቅለህ ፓወር ባንኩ ላይ ሰካው፣ ሌላ ወጪ የለውም።

ሦስት ነገር ግን እይ። ትንሽ ኩረንት የሚስብ ዕቃ ሲሰካበት ፓወር ባንኩ «ማንም የለም» ብሎ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል፤ የብዙዎቹ መነሻ ከ50 እስከ 100 ሚሊአምፔር ነው። መቅረጫህ ከ200 በላይ ስለሚስብ አይቸገርም፣ ለትንሿ ፕሪአምፕ ግን አይሆንም። ሁለተኛ፣ ጭነቱ ሲቀል የቮልት መቀየሪያው እያረፈ ይሠራል፤ ያ ማረፍና መነሣት ወደሚሰማ ድምፅ ሲወርድ ቀጭን ፉጨት ይሆናል። የጸጥታን ፈተና በፓወር ባንኩም ድገመው። ያፏጨ እንደሆነ ሌላ ሞክር፤ ከአንዱ አንዱ በጣም ይለያያል። ሦስተኛ፣ ከዩኤስቢ ሲ ወደ ክብ ጃክ የሚሄዱ 9 ወይም 12 ቮልት የሚያስወጡ ገመዶች አሉ፤ መልካቸው ከ5ቱ አይለይም። በመልቲሜትር ሳትለካ አትስካ።

እየሞላህ አትቅረጽ። ፓወር ባንኩ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ መቅረጫውን ከያዘ ወደ ቻርጀሩ ተመለስክ ማለት ነው።

አዲስ ገመድ · ጥር 16፣ ከጠዋቱ 3፡15

እኔ የማውቃቸው የድምፅ ሰዎች «ከባዱን፣ ትራንስፎርመር ያለበትን አዳፕተር ፈልግ፣ ቀላሉ ነው የሚጮኸው» ይላሉ። ያ አይፈታውም? ድንጋይ ከመቁጠር ይሻላል።

ጸጥታ · ጥር 16፣ ከጠዋቱ 4፡02

አዲስ አበባ ጥሩ መስመር ላይ ይፈታ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ምሽት ላይ ግን እንየው። ያ ካፓሲተር ስለሌለው የመንሳፈፉ ነገር በጣም ይቀንሳል፣ እውነት። ነገር ግን የሚሰጠው ቮልት ከመብራቱ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ጎረቤት የእንጀራ ምጣድ ለኩሶ (አንዱ ምጣድ ብቻ ከ3 ኪሎዋት በላይ ነው) መስመሩ ከ220 ወደ 170 ቢወርድ፣ ከትራንስፎርመሩ 12 ቮልት ይወጣ የነበረው 9.3 ይሆናል። ውስጡ ያለው 9 ቮልት ሬጉሌተር (ቮልቱን አንድ ልክ ላይ የሚይዘው) በትክክል እንዲሠራ ከፊቱ 11 ያህል ይፈልጋል። ሲያጣ ማስተካከሉን ይተውና 100 ኸርዙን እንዳለ ያሳልፈዋል። ቀላሉ አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበል በ170 ላይ ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ቀላሉ ሁልጊዜ ይጮኻል፣ ከባዱ ደግሞ ምጣድ ሲለኮስ ይጮኻል።

ሬጉሌተር የሌለው ከባድ አዳፕተርም አለ፤ «9 ቮልት» ተጽፎበት ያለ ጭነት 13 የሚያሳይ። ሳትሰካ ለካው፤ 9.2 ካሳየ ተስተካካይ ነው፣ 13 ካለ ለድምፅ ዕቃ አታቅርበው። የትራንስፎርመሩ መግነጢስም አለ፦ ከፒዬዞውና ከማይኩ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ማይኩን ስታዞረው ሃሙ የሚቀያየር ከሆነ ከገመድ አይደለም፣ ከአየር ነው የሚገባው።

የቆላው · ጥር 16፣ ከጠዋቱ 4፡40

ጸጥታ እግዜር ይስጥሽ። ሰው ሁሉ «ከባድ ጥሩ፣ ቀላል መጥፎ» እያለ ነው የሚገዛው።

መብራት ለሰዓታት ለሚጠፋበት የገጠር ቀበሌ ደግሞ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት የታሸገው የእርሳስ ባትሪ አለ፣ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው። 84 ዋት-ሰዓት ነው፣ ግማሹን ብቻ ብትጠቀም ዕድሜው ይረዝማል፤ 42። ለኦርጋኑ በቀጥታ 12 ነው ብለህ እንዳትሰካው፤ ሲሞላ ወደ 13 ይጠጋል፣ ቻርጀር ላይ ሆኖ 13.8። ለ9 ቮልት ፕሪአምፑ 7809 ሬጉሌተር ይበቃል፦ በመግቢያው 0.33 ማይክሮፋራድ፣ በመውጫው 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ እግሩ አጠገብ በሊድ የተበየደ። 100 ሚሊአምፔር ቢያሳልፍ የሚያቃጥለው 0.36 ዋት ስለሆነ ማቀዝቀዣ ብረትም አይፈልግም። የኔጌቲቩ ሽቦ ወደ ጃኩ መሐል፣ ጋሼ ሊድና ሽቦ እንዳሉት። ከባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ከጫፉ እጅ ሳይርቅ፣ 2 አምፔር ፊውዝ። ይሄ ባትሪ ገመድ ቢገናኝ ቤት የሚያቃጥል ነው።

በሶላር የሚሞላ ከሆነ በቀረጻ ሰዓት ፓነሉን ከመቆጣጠሪያው ንቀለው። መቆጣጠሪያው ኩረንቱን እየቆረጠ እየቀጠለ ነው የሚሞላው፣ ያ መቆራረጥ ይሰማል። ኢንቨርተር አስገብቶ 220 አውጥቶ እንደገና አዳፕተር መሰካት ደግሞ ሁለት ጊዜ መባከን ነው፤ ርካሹ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ስለሆነ ከመብራቱም ይብስ ይጮኻል።

ሊድና ሽቦ · ጥር 16፣ ከቀኑ 7፡30

የቆላው ጥሩ ነው። የ7809ን እግር ግን ለጀማሪ ልናገር፦ ጽሑፉን ወደ ራስህ አዙረህ ከግራ መግቢያ፣ መሐል ግራውንድ፣ ቀኝ መውጫ። ጀርባው ያለው ብረት ከመሐሉ እግር ጋር አንድ ነው።

መብራት ስለመጥፋት አንድ ነገር ቀርቷል። በአዳፕተር ብቻ፣ ድንጋይ ሳይኖርበት እየቀረጽክ መብራት ቢሄድ መቅረጫው ፋይሉን ሳይዘጋ ነው የሚሞተው። ካርዱ ላይ ዜሮ ኪሎባይት የሚል ስም ብቻ ታገኛለህ። ስለዚህ በውጭ ኃይልም ቢሆን ውስጡ የሞላ ድንጋይ ይኑር። ከቀረጻ በፊት አንድ ጊዜ እየቀረጸ ሳለ ገመዱን ንቀልና ወደ ድንጋዩ መዞሩን አይተህ አረጋግጥ። ድንጋዩን ግን እዚያው ውስጥ አይሞላልህም፣ ለብቻ ቻርጀር ነው።

መብራት ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያው ምት ነው አዳፕተር የሚገድለው። ሲጠፋ ሁሉንም ከዲቫይደሩ ንቀል፣ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ቆይ። ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ ሲመለስ ዘግይቶ የሚለቀው መከላከያ ለዚህም ይሠራል።

እንዚራ10 · ጥር 18፣ ከምሽቱ 12፡50

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓወር ባንኩን ሞከርኩ፦ 50 ላይ የለም፣ ግን 3 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ቀጭን ምስማር አለች፤ በበገናው መሐል አትሰማም፣ በዝምታው ላይ በጆሮ ማዳመጫ ትሰማለች። የባትሪውን ዓይነት ሜኑ ላይ ወደ ኒኬል ቀይሬዋለሁ፣ እውነትም አልካላይን ላይ ነበር። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ኦርጋኑን በስድስት ኒኬል ድንጋይ ማስነሣት ይቻላል? ሁለተኛ፣ የፕሪአምፑ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ባልተጠቀምኩበት ሳምንትም ያልቃል፤ ለምን?

ጋቢ ለባሽ · ጥር 18፣ ከምሽቱ 1፡20

ፉጨት ካላት ለበገና በድንጋይ ቅረጽ፣ ፓወር ባንኩን ለረጅም ልምምድ ተወው። አራት ሰዓት ተኩል ለአንድ ማታ ይበቃል፣ ጣትም በዚህ ብርድ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ኦርጋኑ፦ ስድስት አልካላይን 9 ቮልት ነው፣ ስድስት ኒኬል 7.2። አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ድምፁን ከፍ ስታደርግ ይጠፋል። መመሪያው ላይ ኒኬል ይፈቀዳል ካለ ግባበት። የራሱን ድምፅ ማጉያ ዝቅ አድርገህ በጆሮ ማዳመጫ መውጫው ብትወስድ የሚበላው ይቀንሳል። ለቃና መያዣ ብቻ ከሆነ ግን በአዳፕተሩ አስነሣው፣ ቃናውን ስጥ፣ ቀረጻው ሲጀመር አጥፋና ገመዱን ንቀል። አብሮ ካልተቀረጸ ከቀለበቱ ውጭ ነው።

ሊድና ሽቦ · ጥር 18፣ ከምሽቱ 1፡35

የ9 ቮልቱ፦ ማብሪያው የጃኩ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ገመዱ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ሌላው ጫፍ ምንም ላይ ባይሆንም ፕሪአምፑ በርቷል። አልካላይን ባለ 9 ቮልት 500 ኤምኤኤች ገደማ ነው የሚይዘው፤ ፕሪአምፑ 5 ሚሊአምፔር ቢበላ 100 ሰዓት፣ ማለት አራት ቀን ከምናምን። ስትጨርስ ገመዱን ከፕሪአምፑ በኩል ንቀል።